የቆየ ኮምፒዩተርና አዲስ ሞኒተር፤ ሪዞሉሽንን ስለ ማጣጣም

መግቢያ

በትምህርት ቤት ውስጥ ኮምፒዩተርና ሞኒተር አብረው ይገዛሉ እንጂ አብረው አያረጁም። አንደኛው ሲበላሽ ሌላው ገና ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ሊሆን ይችላል። በዚህም ምክንያት ከ15 ዓመት በላይ የቆየ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ቅርብ ጊዜ ከተሠራ ሰፊ ሞኒተር ጋር ተጣምሮ እንዲሠራ የሚደረግበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ጥምረቱም በሚገባ ሳይታሰብበት ሲቀር የሚከተለው ውጤት የታወቀ ነው። ፊደላቱ ይደበዝዛሉ፤ ክቡ ይለጠጣል፤ የሥዕሉ ጠርዝ ይቆረጣል፤ ወይም ስክሪኑ ፈጽሞ ጨልሞ አንድ የማስጠንቀቂያ መስመር ብቻ ያሳያል።

ይህን የተመለከተ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደርስበት መደምደሚያ “ኮምፒዩተሩ አርጅቷል” የሚል ነው። መደምደሚያው ግን ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሚገኘው በኮምፒዩተሩ ዕድሜ ላይ ሳይሆን ኮምፒዩተሩ በሚልከው ሥዕልና ሞኒተሩ በሚቀበለው ሥዕል መካከል ባለው አለመጣጣም ላይ ነው። ይህም ያለ ወጪ ወይም በጥቂት ወጪ ሊታረም ይችላል። ልዩነቱን አለማወቅ ሁለት ጉዳት ያስከትላል። በአንድ በኩል ሊሠራ የሚችል መሣሪያ ወደ መጋዘን ይጣላል። በሌላ በኩል ደግሞ ተማሪው በተዛባ ሥዕልና በደበዘዘ ጽሑፍ እንዲማር ይደረጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጉዳዩን መሠረተ ሐሳብ ማብራራት፣ መምህራን በክፍል ውስጥ ሊፈጽሙት የሚችሉትን የማስተካከያ ቅደም ተከተል ማሳየት፣ እንዲሁም የትምህርት ፕላን አዘጋጆች ከግዢ በፊት ሊያጤኗቸው የሚገቡ ነጥቦችን ማመልከት ነው።

1. ሪዞሉሽን ምን ማለት ነው?

በስክሪን ላይ የሚታይ ማንኛውም ጽሑፍ ወይም ሥዕል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተገነባ ነው። ሪዞሉሽን ማለት በአግድምና በቁም የተደረደሩት የእነዚህ ነጥቦች ብዛት ነው። ለምሳሌ “1024 በ768” ሲባል እያንዳንዱ አግድም ረድፍ 1,024 ነጥቦች አሉት፤ የረድፎቹም ብዛት 768 ነው ማለት ነው። ሁለቱ ሲባዙ 786,432 ነጥቦች ይሆናሉ።

አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ቪ.ጂ.ኤ. በተባለው ደንብ መሠረት አንድ ኮምፒዩተር በ16 ቀለማት 640 በ480፣ ማለትም 307,200 ነጥቦችን ያሳይ ነበር። ከዚያ በኋላ 800 በ600፣ ቀጥሎም 1024 በ768 በየጊዜው የተለመዱ ሆኑ። በዛሬው ጊዜ በብዛት የሚገኘው ሰፊ ሞኒተር 1920 በ1080 ሲሆን፣ ይህም 2,073,600 ነጥቦች ናቸው። ከ1024 በ768 ጋር ሲነጻጸር ከሁለት ተኩል ጊዜ በላይ ይበልጣል።

ከነጥቦቹ ብዛት ሌላ ሊታወቅ የሚገባው የአግድሙና የቁሙ ምጥጥን ነው። 640 በ480፣ 800 በ600 እና 1024 በ768 ሁሉም 4 ለ3 በሆነ ምጥጥን የተሠሩ ናቸው። 1280 በ1024 ግን 5 ለ4 ነው። 1440 በ900 እና 1680 በ1050 ደግሞ 16 ለ10፣ 1600 በ900 እና 1920 በ1080 ደግሞ 16 ለ9 ናቸው። አንድ ሥዕል ለአንዱ ምጥጥን ተዘጋጅቶ በሌላው ላይ ሲዘረጋ ቅርጹ መለወጡ የማይቀር ነው።

2. ባለ ቱቦው ሞኒተርና ጠፍጣፋው ሞኒተር

ቀድሞ በሰፊው ያገለግል የነበረው ባለ ቱቦ ሞኒተር ሥዕሉን የሚሠራው ከበስተኋላ የሚወረወር የኤሌክትሮን ጨረር መስታወቱን መስመር በመስመር ሲጠርግ ነው። የመስመሮቹ ቁጥር ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ጨረሩ ጠረጋውን እንደዚያው ስለሚያስማማ፣ አንዱ ሞኒተር 640 በ480ንም ሆነ 1024 በ768ን ያለ ብዙ ችግር ያሳያል። ስለዚህም በዚያ ዘመን የሠለጠኑ ብዙ ተጠቃሚዎች ሪዞሉሽንን እንደ ፈቃድ የሚመረጥ ነገር አድርገው ለመቁጠር ለምደዋል።

ኤል.ሲ.ዲ. የሚባለው ጠፍጣፋ ሞኒተር ግን አሠራሩ ከዚህ የተለየ ነው። በዚህ ሞኒተር ላይ እያንዳንዱ ነጥብ ከፋብሪካ ሲወጣ ቦታው የተወሰነ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍል ያለው አንድ ሕዋስ ነው። 1920 በ1080 ሆኖ የተሠራ ሞኒተር በትክክል ያን ያህል ሕዋሳት አሉት፤ ሊጨመሩም ሆነ ሊቀነሱ አይችሉም። ይህ ቁጥር የሞኒተሩ የተፈጥሮ ሪዞሉሽን ሊባል ይችላል። ኮምፒዩተሩ ይህንኑ ቁጥር ሲልክ አንዱ የተላከ ነጥብ በአንዱ ሕዋስ ላይ ስለሚያርፍ ሥዕሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚህ ያነሰ ሲልክ ግን ሞኒተሩ በውስጡ ባለው መሣሪያ ጥቂቱን ነጥብ በብዙ ሕዋሳት ላይ ማከፋፈል ይኖርበታል።

ለምሳሌ 1,024 ነጥቦች በ1,920 ሕዋሳት ላይ ሲዘረጉ ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚደርሰው 1.875 ሕዋስ ነው። አንድ ሕዋስ ተከፍሎ ከፊሉ ጥቁር፣ ከፊሉ ነጭ ሊሆን ስለማይችል ሞኒተሩ በመካከሉ ግራጫ ቀለም ያስገባል። ተጠቃሚው “ብዥታ” የሚለው ይህንኑ ግራጫ ነው። እንግዲህ ብዥታው የመሣሪያ ብልሽት ሳይሆን የሒሳብ ውጤት መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል።

3. በክፍል ውስጥ የሚያስከትለው ጉዳት

ጉዳዩ የመልክ ማማር ብቻ ተደርጎ እንዳይገመት ሁለት ምሳሌዎችን መመልከት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ከጂኦሜትሪ ትምህርት የተወሰደ ነው። 1024 በ768 የሚልክ ኮምፒዩተር 1920 በ1080 በሆነ ሞኒተር ላይ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቷል እንበል። አግድሙ 1.875 ጊዜ ሲለጠጥ ቁሙ የሚለጠጠው 1.406 ጊዜ ብቻ ነው። መምህሩ ስፋቱና ቁመቱ 600 ነጥብ የሆነ ክብ ቢሥል በስክሪኑ ላይ የሚታየው ስፋቱ 1,125፣ ቁመቱ ግን 844 ሕዋስ ገደማ የሆነ ሞላላ ቅርጽ ነው። ካሬው አራት ማዕዘን ሬክታንግል ይሆናል። 45 ዲግሪ ተብሎ የተሣለው ማዕዘን በፕሮትራክተር ቢለካ ወደ 37 ዲግሪ ይወርዳል። በጂኦግራፊ ትምህርትም የአገር ካርታ በአንድ ሦስተኛ ተለጥጦ ይታያል። ተማሪው ትርጓሜውን በቃሉ “ክብ ማለት ከማዕከሉ እኩል የራቁ ነጥቦች ስብስብ ነው” ብሎ እየተማረ በዓይኑ የሚያየው ይህን የሚቃረን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የፊደል ነው። በግዕዝ ፊደል የአንድ ቤት ሆሄያት የሚለዩት በጥቃቅን ቅጥያ ነው። “ቡ” ከ“በ” የሚለየው ከቀኝ እግሩ መካከል በሚወጣ አጭር ጭረት ነው። “ቢ” ጭረቱ ከእግሩ ግርጌ ሲሆን፣ “ቤ” በዚያው ግርጌ ቀለበት አለው። በተለመደው የጽሑፍ መጠን ይህ ጭረት የሚሠራው ከአንድ ወይም ከሁለት ነጥብ ነው። የቀለበቱም ውስጣዊ ክፍተት አንድ ነጥብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሥዕሉ ሲደበዝዝ ያ አንድ ነጥብ በግራጫ ይሞላል፤ ቀለበቱም ጭረት መስሎ ይታያል። በዚህ ጊዜ “ቤ” ከ“ቢ”፣ “ሌ” ከ“ሊ” ለመለየት ያስቸግራል። ማንበብ የቻለ አዋቂ ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ተነሥቶ ቃሉን ይገምታል። ገና ፊደል በመለየት ላይ ያለ ሕፃን ግን የሚገምትበት መሠረት የለውም። ስህተቱም የሚቆጠረው በሞኒተሩ ላይ ሳይሆን በልጁ ላይ ነው።

4. የቆየ ኮምፒዩተርን አቅም የሚወስኑ ነገሮች

አንድ ኮምፒዩተር የሞኒተሩን የተፈጥሮ ሪዞሉሽን መላክ መቻሉ ወይም አለመቻሉ የሚወሰነው በአራት ነገሮች ነው።

ሀ. የሥዕል ማስታወሻ። ወደ ሞኒተሩ የሚላከው ሥዕል አስቀድሞ በኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ውስጥ መቀመጥ አለበት። እያንዳንዱ ነጥብ በሙሉ ቀለም ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ 4 ባይት ይይዛል። ስለዚህ 1024 በ768 የሆነ ሥዕል 3,145,728 ባይት፣ 1920 በ1080 የሆነ ሥዕል ደግሞ 8,294,400 ባይት ቦታ ይፈልጋል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. እንደ ተሠሩት 2 ወይም 4 ሜጋባይት ብቻ የያዘ የግራፊክስ ካርድ ይህን በሙሉ ቀለም ሊሸከም አይችልም። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች ግን ለአንድ ሥዕል የሚበቃ ማስታወሻ ስላላቸው እንቅፋቱን በዚህ በኩል ብቻ መፈለግ አያስፈልግም።

ለ. የመሰኪያው ዓይነትና ፍጥነቱ። ሥዕሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ ያህል በአዲስ መልክ ይላካል። 1920 በ1080 በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲላክ፣ በመስመሮችና በሥዕሎች መካከል ያለው የማረፊያ ጊዜ ተጨምሮበት፣ በሴኮንድ 148.5 ሚሊዮን ነጥብ ያህል ፍጥነት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዲ.ቪ.አይ. የተባለው መሰኪያ በነጠላ መስመሩ እስከ 165 ሚሊዮን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የመጀመሪያው ኤች.ዲ.ኤም.አይ.ም እንዲሁ እስከ 165 ሚሊዮን ያስተላልፋሉ። ስለዚህ ሁለቱም 1920 በ1080ን ያለ ችግር ይሸከማሉ። 2560 በ1440 ግን የሚታዩት ነጥቦች ብቻ በሴኮንድ ከ221 ሚሊዮን ስለሚበልጡ ከነዚህ መሰኪያዎች አቅም በላይ ነው። 3840 በ2160 የሆነው ሞኒተር ደግሞ በሴኮንድ 30 ጊዜ ብቻ እንኳ ቢላክለት 297 ሚሊዮን ይጠይቃል፤ ይህም በኤች.ዲ.ኤም.አይ. በኩል የተቻለው እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው 1.4 ከተባለው ደንብ ወዲህ ነው። ባለ 15 ቀዳዳው የቪ.ጂ.ኤ. መሰኪያ ሥዕሉን በአናሎግ ሲግናል ስለሚልክ እንደ ሌሎቹ የተቆረጠ ወሰን የለውም። በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ 1920 በ1080 ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ገመዱ ሲረዝም ወይም ጥራቱ ሲያንስ ከየፊደሉ ጎን ጥላ ይታያል።

ሐ. ድራይቨር። ድራይቨር በኮምፒዩተሩ ሥርዓተ ክወናና በግራፊክስ ክፍሉ መካከል የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ እንደገና ከተጫነ በኋላ ትክክለኛው ድራይቨር ካልተጫነ ኮምፒዩተሩ ለማንኛውም መሣሪያ በሚያገለግል ጠቅላላ ድራይቨር ይሠራል። በዚህ ጊዜ የሚቀርበው ምርጫ እንደ 800 በ600 ወይም 1024 በ768 ባሉ ጥቂት ሪዞሉሽኖች ብቻ ይወሰናል። በብዙ ቦታ “ይህ ኮምፒዩተር ከዚህ በላይ አይችልም” የሚባለው በእርግጥ ድራይቨሩ ስላልተጫነ ነው።

መ. የሞኒተሩ መታወቂያ። እ.ኤ.አ. ከ1994 ወዲህ በወጣው ደንብ መሠረት እያንዳንዱ ሞኒተር ኢ.ዲ.አይ.ዲ. የሚባል መሠረታዊ መጠኑ 128 ባይት የሆነ መታወቂያ በውስጡ ይይዛል። በዚህ መታወቂያ ላይ ሞኒተሩ የሚቀበላቸው ሪዞሉሽኖች፣ ከነርሱም ዋነኛው ተመዝግበው ይገኛሉ። ኮምፒዩተሩ ይህን አንብቦ ትክክለኛውን ምርጫ ያቀርባል። በቪ.ጂ.ኤ. ገመድ ላይ መታወቂያው የሚያልፈው በ12ኛውና በ15ኛው ፒን በኩል ነው። ከነዚህ አንዱ ከታጠፈ ወይም ከተሰበረ፣ ወይም ገመዱ ሲሠራ እነዚህ ሽቦዎች ከተተዉ፣ ሥዕሉ ይታያል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ከማን ጋር እንደ ተገናኘ አያውቅም። አንዱን ሞኒተር ለሁለት ኮምፒዩተር የሚያጋሩ ማዞሪያዎችና የገመድ ማራዘሚያዎችም ይህንኑ ችግር ሊፈጥሩ ይችላሉ።

በዚህ አጋጣሚ ስለ 1366 በ768 አንድ ነገር መጥቀስ ይገባል። ብዙ የቆዩ የግራፊክስ ክፍሎች የአግድሙን ቁጥር በ8 የሚካፈል እንዲሆን ይፈልጋሉ። 1,366 ግን በ8 ያለ ቀሪ አይካፈልም። ስለዚህ በምርጫው ዝርዝር ላይ 1360 በ768 ብቻ ቢገኝ መሣሪያው እንደ ተበላሸ መቁጠር አይገባም። ልዩነቱ 6 ነጥብ ብቻ ስለሆነ በሥራ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት አነስተኛ ነው።

5. የማስተካከያው ቅደም ተከተል

ከዚህ በታች የተመለከተው ቅደም ተከተል በኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ወይም በማንኛውም ጥንቃቄ ባለው መምህር ሊፈጸም ይችላል።

አንደኛ፣ አሮጌው ሞኒተር ከመነቀሉ በፊት ኮምፒዩተሩን ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ባለ ቱቦ ሞኒተር በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲታደስ ዓይን የሚያደክም መርገብገብ ስለሚያሳይ ወደ 75 ወይም 85 ኸርዝ ከፍ ተደርጎ ይሠራበት ነበር። አብዛኞቹ ጠፍጣፋ የቢሮ ሞኒተሮች ግን የተዘጋጁት ለ60 ኸርዝ ነው። ስለዚህ አሮጌው ሞኒተር ገና እንደ ተሰካ የእድሳቱን ፍጥነት ወደ 60 ኸርዝ፣ ሪዞሉሽኑን ወደ 1024 በ768 ማውረድ ይገባል። ይህ ሳይደረግ ቢቀር አዲሱ ሞኒተር ጨልሞ “አውት ኦፍ ሬንጅ”፣ ማለትም የመጣው ሲግናል ከምቀበለው ወሰን ውጭ ነው የሚል ቃል ብቻ ሊያሳይ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የአዲሱን ሞኒተር የተፈጥሮ ሪዞሉሽን ከመመሪያ መጽሐፉ፣ ከካርቶኑ ወይም ከጀርባው ካለው የሞዴል ቁጥር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በኢንች የሚነገረው መጠን ብቻውን በቂ አይደለም። 19 ኢንች የሚባል ሞኒተር 1280 በ1024፣ 1440 በ900 ወይም 1366 በ768 ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ በሁለቱም በኩል ያሉትን መሰኪያዎች ማነጻጸር ይገባል። ዲ.ቪ.አይ. ወይም ሌላ ዲጂታል መሰኪያ በሁለቱም ላይ ካለ ከቪ.ጂ.ኤ. ይልቅ እርሱን መምረጥ ይሻላል። የተለየ የግራፊክስ ካርድ የተጨመረበት ኮምፒዩተር ከሆነ ደግሞ ገመዱ መሰካት ያለበት ከዋናው ሰሌዳ መሰኪያ ላይ ሳይሆን ከካርዱ መሰኪያ ላይ ነው።

አራተኛ፣ ድራይቨሩን መመርመር ነው። በዊንዶውስ “ዲቫይስ ማናጀር” በተባለው ክፍል ውስጥ የግራፊክስ ክፍሉ ስም “ስታንዳርድ ቪ.ጂ.ኤ.” ወይም “ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ” ተብሎ ከተጻፈ ትክክለኛው ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። ድራይቨሩን ከኮምፒዩተሩ ወይም ከግራፊክስ ክፍሉ ሠሪ ማግኘትና በአንድ ፍላሽ ላይ ገልብጦ ለክፍሉ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ማስቀመጥ የወደፊት ድካምን ይቀንሳል።

አምስተኛ፣ ሪዞሉሽኑን መምረጥ ነው። በዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ የማውሱ የቀኝ ቁልፍ ሲጫን ከሚከፈተው ዝርዝር ውስጥ የስክሪን ማስተካከያ ይገኛል። ለውጡ ከተደረገ በኋላ ዊንዶውስ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ በ15 ሴኮንድ ውስጥ መልስ ካላገኘ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ስለዚህ ስክሪኑ ቢጨልም ምንም ሳይነኩ መጠበቅ እንጂ ኮምፒዩተሩን ማጥፋት አያስፈልግም። በዊንዶውስ ኤክስ.ፒ.ና በዊንዶውስ 7 ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ኤፍ8 የተባለው ቁልፍ ተጭኖ በዝቅተኛ ሪዞሉሽን እንዲነሣ ማድረግም ይቻላል። በሊነክስ የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ላይ የሞኒተሩ መታወቂያ ባይነበብ እንኳ ኤክስራንድር በተባለው ትእዛዝ ሪዞሉሽኑን በእጅ መጨመር ይቻላል።

ስድስተኛ፣ ግንኙነቱ በቪ.ጂ.ኤ. ከሆነ በሞኒተሩ ላይ ያለውን “አውቶ” የተባለ ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። የተፈጥሮው ሪዞሉሽን ተመርጦ ሳለ በስክሪኑ ላይ ቀጥ ያሉ የብዥታ ዓምዶች ቢታዩ ምክንያቱ ሞኒተሩ የአናሎጉን ሲግናል በትክክለኛው ቅጽበት አለመክፈሉ ነው። ቁልፉ በሚጫንበት ጊዜ በስክሪኑ ላይ ጽሑፍ የሞላበት ነጭ ገጽ ቢከፈት ሞኒተሩ ጠርዙንና ነጥቦቹን በቀላሉ ያገኛል።

የተፈጥሮው ሪዞሉሽን በማናቸውም መንገድ ሳይገኝ ቢቀር ሁለተኛው አማራጭ ምጥጥኑን መጠበቅ ነው። ለ1920 በ1080 ሞኒተር 1600 በ900 ወይም 1280 በ720 ቢመረጥ ጽሑፉ ጥቂት ይደበዝዛል፤ ክቡ ግን ክብ ሆኖ ይቀራል። እነዚህም ካልተገኙ 1024 በ768ን መርጦ በሞኒተሩ ማስተካከያ ውስጥ “አስፔክት” ወይም “4 ለ3” የሚለውን መምረጥ ይቻላል። በዚህ ጊዜ ሥዕሉ 1440 በ1080 ቦታ ይይዝና በግራና በቀኝ 240 ነጥብ የሚሆን ጥቁር ዳርቻ ይቀራል። ጥቁሩ ዳርቻ ቦታ የባከነ ቢያስመስልም ለትምህርት ሥራ ከተለጠጠው ሥዕል የተሻለ ነው።

6. ፊደሉ ሲያንስ

ሪዞሉሽኑ በትክክል ከተስተካከለ በኋላ አንዳንድ መምህራን “አሁን ደግሞ ፊደሉ አነሰ” ሲሉ ይሰማሉ። አባባላቸው እውነት ነው። ነጥቦቹ ሲበዙ እያንዳንዱ ነጥብ ስለሚያንስ በተወሰነ ነጥብ የሚጻፈው ፊደልም ያንሳል። ይሁን እንጂ መፍትሔው ሪዞሉሽኑን መልሶ ማውረድ አይደለም። ይህ ፊደሉን ያተልቃል፤ ነገር ግን ያደበዝዘዋል። ተገቢው መፍትሔ ሪዞሉሽኑን እንዳለ ትቶ የጽሑፉን መጠን ብቻ ማሳደግ ነው። በዊንዶውስ ኤክስ.ፒ. የነጥብ መለኪያውን ከ96 ወደ 120፣ በዊንዶውስ 7ና ከዚያ በኋላ በወጡት ደግሞ መጠኑን ከ100 ወደ 125 በመቶ ማድረግ ይቻላል። በዚህ መንገድ አንዱ ሆሄ በብዙ ነጥብ ስለሚሣል ቀለበቱም ሆነ ጭረቱ በግልጽ ይለያል።

7. ቴሌቪዥንን እንደ ሞኒተር ስለ መጠቀም

በብዙ ትምህርት ቤቶች ቴሌቪዥን ለመላው ክፍል ማሳያ ሆኖ ያገለግላል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው በሳተላይትና በፕላዝማ የሚሰጥ ትምህርትም ሰፊ ስክሪንን ለመምህራን አስተዋውቋል። ፕላዝማም እንደ ኤል.ሲ.ዲ. የሕዋሳቱ ቁጥር የተወሰነ በመሆኑ ከላይ የተባለው ሁሉ ይመለከተዋል።

በቴሌቪዥን ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ቴሌቪዥኑ የሚመጣለትን ሥዕል እንደ ሥርጭት ቆጥሮ በጥቂት መቶኛ በማተለቅ ጠርዙን ከስክሪኑ ውጭ ሊያስቀር ይችላል። ከታች ያለው የትእዛዝ መስመር የማይታየው በዚህ ምክንያት ነው። በቴሌቪዥኑ የሥዕል ማስተካከያ ውስጥ “ጀስት ስካን”፣ “ፒ.ሲ.” ወይም “1 ለ1” በመሳሰሉ ስሞች የሚታወቀው ምርጫ ሲመረጥ ችግሩ ይወገዳል።

8. ለትምህርት ፕላን አዘጋጆች

ሞኒተር ለመተካት በጀት ሲያዝ የሚከተሉትን ነጥቦች በቅድሚያ ማጤን ይጠቅማል።

በመጀመሪያ የንብረት መዝገቡ የኮምፒዩተሮችን ብዛት ብቻ ሳይሆን የተሠሩበትን ዘመን፣ የመሰኪያቸውን ዓይነት፣ የሚሠሩበትን ሥርዓተ ክወናና በምርጫ ዝርዝራቸው ላይ የሚገኘውን ከፍተኛ ሪዞሉሽን ቢይዝ ግዢው በግምት ከመሆን ይድናል። ቅርብ ጊዜ ከተሠሩት ሞኒተሮች ብዙዎቹ የቪ.ጂ.ኤ. መሰኪያ የላቸውም። የኮምፒዩተሮቹ መሰኪያ ቪ.ጂ.ኤ. ብቻ ከሆነ ይህ በግዢው ዝርዝር መግለጫ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛ፣ ስለ መለወጫዎች ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዲ.ቪ.አይ.ንና ኤች.ዲ.ኤም.አይ.ን በተራ ገመድ ማገናኘት ይቻላል፤ ሁለቱም ዲጂታል ናቸውና። ከቪ.ጂ.ኤ. ወደ ኤች.ዲ.ኤም.አይ. ግን ሲግናሉን የሚተረጉም ኤሌክትሮኒክ መለወጫ ያስፈልጋል። ይህም መለወጫ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከኤች.ዲ.ኤም.አይ. ኮምፒዩተር ወደ ቪ.ጂ.ኤ. ሞኒተር እንዲያገለግል የተሠራው መለወጫ ለተቃራኒው አይሆንም። ስማቸው ስለሚመሳሰል ብቻ የማይሠራ ዕቃ በብዛት ሊገዛ ይችላል።

ሦስተኛ፣ የግራፊክስ ካርድ መጨመር እንደ አማራጭ ሲታሰብ የዋናው ሰሌዳ ማስገቢያ መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኤ.ጂ.ፒ.ና ከ2004 ገደማ ጀምሮ በኮምፒዩተሮች ላይ የተተካው ፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም። ቀጫጭን የኮምፒዩተር ሳጥኖችም ሙሉ ቁመት ያለውን ካርድ አይቀበሉም።

አራተኛ፣ ሞኒተሩን ለኮምፒዩተሩ መምረጥ ኮምፒዩተሩን ለሞኒተሩ ከማስገደድ ይሻላል። ሥራው የጽሕፈትና የሠንጠረዥ ልምምድ ከሆነ፣ 1280 በ1024 የሆነ ጠፍጣፋ ሞኒተር ከቆየ ኮምፒዩተር ጋር ያለ ችግር ሊስማማ ይችላል። ነጥቡ በበዛ መጠን የኮምፒዩተሩም ሸክም ስለሚበዛ፣ በቆየ መሣሪያ ላይ በሙሉ ስክሪን የሚታይ ቪዲዮ ሊንቀረፈፍ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

በመጨረሻም፣ ብዙ ሞኒተር ከመገዛቱ በፊት አንድ ናሙና ተወስዶ ከትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተሮች ጋር ቢሞከር፣ ፈተናውም አንድ ክብ፣ አንድ ካሬና አንድ የአማርኛ ገጽ በማሳየት ቢፈጸም፣ የአንድ ሰዓት ሥራ የአንድ ዓመት በጀትን ከብክነት ሊያድን ይችላል።

መደምደሚያ

ጠፍጣፋ ሞኒተር የሕዋሳቱ ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ጥርት ያለ ሥዕል የሚያሳየውም ያው ቁጥር ሲላክለት ነው። የቆየ ኮምፒዩተር ይህን መላክ ሲሳነው ምክንያቱ በማስታወሻው፣ በመሰኪያው፣ በድራይቨሩ ወይም በሞኒተሩ መታወቂያ ላይ ሊገኝ ይችላል። ከነዚህም የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ያለ ብዙ ወጪ የሚታረሙ ናቸው። ስለዚህ አንድ ኮምፒዩተር “አርጅቷል” ተብሎ ከክፍል ከመውጣቱ በፊት ገመዱ፣ ድራይቨሩና የተመረጠው ሪዞሉሽን መመርመራቸውን ማረጋገጥ የኃላፊው ተግባር ነው። ተማሪው “ቤ”ን “ቢ” ብሎ ሲያነብም፣ ከማረሙ በፊት ከፊቱ ያለው ስክሪን ሁለቱን ለይቶ ማሳየቱን መመልከት ይገባል።